ዓይን ላይ የሚፈለገው፣ ማሕፀን ውስጥ የተዘነጋው ባክቴሪያ

በአማራ ክልል ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚለው ስም ሲነሣ የጤና ባለሙያው ሐሳብ ወደ ዓይን ይሄዳል። ባክቴሪያው የትራኮማ መንሥኤ ነው፤ ክልሉም በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህም ላለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የአዊ ዞንን ጨምሮ በክልሉ የዳሰሳ ጥናቶች ተካሂደዋል፤ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒትም ለመላው ነዋሪ በዘመቻ ታድሏል። በምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ታና» የተሰኘ ጥናት ደግሞ ከገጠር ሕፃናት የዓይን ቆብ በተወሰደ ናሙና ባክቴሪያውን በፒሲአር እስከ መለየት ደርሷል።

የዚሁ ባክቴሪያ ሌሎች ዓይነቶች ግን መኖሪያቸው ዓይን አይደለም። ከኤ እስከ ሲ የተሰየሙት ትራኮማን ሲያመጡ፣ ከዲ እስከ ኬ ያሉት የማሕፀን በርንና የሽንት ቧንቧን ያጠቃሉ፤ የሚተላለፉትም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ክላሚዲያ በየመንደሩ ይፈለጋል፤ በማሕፀን በር ያለው ግን ሴቲቱ ታምማ እስክትመጣ ይጠበቃል። ባክቴሪያው ከሰው ሕዋስ ጋር ያለው ግንኙነት በሚገባ ሲጤን፣ ይህ የመጠበቅ አሠራር የማያዋጣ ሆኖ ይገኛል።

በሀገሪቱ ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር በሽታዎች ሕክምና የሚሰጠው ምልክትን መሠረት አድርጎ ነው። ታካሚው ፈሳሽ፣ ቁስል ወይም የሆድ ሕመም እንዳለው ሲናገር፣ ለዚያ ምልክት መንሥኤ ሊሆኑ የሚችሉትን ተሕዋስያን በአንድነት የሚመታ መድኃኒት ይሰጠዋል። ላብራቶሪ በሌለበት ቦታ ይህ ዘዴ ብዙ ሰው አድኗል፤ በተለይ የሽንት ቧንቧ ፈሳሽ ላለባቸው ወንዶች በሚገባ ይሠራል። ይሁንና ዘዴው የቆመው ተሕዋሱ በሽታ ባመጣ ጊዜ ሕመም ይሰማል በሚል እሳቤ ላይ ነው።

ክላሚዲያ ይህን እሳቤ ያፈርሳል። ባክቴሪያው ከሰው ሕዋስ ውጭ መራባት አይችልም። ጥቃቅን ሆኖ ወደ ሕዋሱ ከተጠጋ በኋላ በመርፌ መሰል መሣሪያው ፕሮቲኖችን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሕዋሱም ራሱ እንዲውጠው ያደርጋል። ከገባ በኋላ የሚኖረው በራሱ ፕሮቲኖች ባስጌጠው ከረጢት ውስጥ ስለሆነ፣ የሕዋሱ አፍራሽ ክፍል የሆነው ሊሶዞም አይደርስበትም። በዚያም ቅርጹን ለውጦ ይራባል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ልጆቹ ሌላ ሕዋስ ፍለጋ ይወጣሉ። የተጠቃው ሕዋስ ቀድሞ ሞቶ ቤቱን እንዳያፈርስበት የሕዋሱን የሞት ትእዛዝ ሳይቀር ያዘገያል። አብዛኞቹ የተያዙ ሴቶች ሕመም የማይሰማቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የጨብጥ ባክቴሪያም በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። ፀጉር መሰል ዘንጎቹን በየጊዜው እየለዋወጠ ስለሚቀርብ፣ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ለሁለተኛው ጊዜ የሚጠብቅ መከላከያ አያገኝም። ሊበሉት የሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥም በሕይወት የሚቆይበት ጊዜ አለ። በላብራቶሪ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በወንድ ሽንት ቧንቧ ሕዋሳት ላይ ሲያርፍ ብግነት የሚቀሰቅሱ መልእክቶች ይለቀቃሉ፤ በማሕፀን በር ሕዋሳት ላይ ግን የሚገባበት ተቀባይ ሌላ በመሆኑ አገባቡ ጸጥተኛ ነው። ባል ፈሳሽ አይቶ ወደ ዳንግላ ሲሄድ ሚስት ምንም ሳይሰማት የምትቀርበት አጋጣሚ፣ የቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የተቀባይ ፕሮቲን ጉዳይም ነው።

ጸጥታው ግን ጉዳት የለም ማለት አይደለም። በክላሚዲያ የተያዙ ሕዋሳት ውለው አድረው የብግነት መልእክት ማሰማታቸው አይቀርም፤ ወደ ማሕፀን ቱቦ የሚወጣው ኢንፌክሽንም የሚተወው ጠባሳ በአመዛኙ የሰውነት የራሱ ምላሽ ውጤት ነው። ጠባሳው መካንነትን ወይም ከማሕፀን ውጭ እርግዝናን ያስከትላል። መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ጠባሳውን አይፍቅም። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ የትኛው መድኃኒት ይሰጥ ሳይሆን መቼ ይሰጥ የሚለው ነው። ልጅ ማጣት ለትዳር መፍረስ ምክንያት በሚሆንበት፣ ጥፋቱም ከባል ይልቅ በሚስት ላይ በሚጣልበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ዘግይቶ የመጣ ሕክምና ዋጋ የሚከፍለው በሴቲቱ ሕይወት ነው።

የሁለቱ ክላሚዲያዎች ልዩነት ራሱ ለተመራማሪ የሚናገረው ነገር አለ። ሰውነት ኢንፌክሽኑን ለመቋቋም ጋማ ኢንተርፌሮን ሲለቅ፣ ሕዋሱ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሰባብሮ ባክቴሪያውን ያስርበዋል። የዓይኑ ክላሚዲያ ይህን ረሃብ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። የብልቱ ዓይነት ግን ኢንዶል ካገኘ ትሪፕቶፋንን ራሱ ይሠራል። ኢንዶልን የሚያመርቱት ደግሞ ላክቶባሲለስ የተባሉት ጠባቂ ባክቴሪያዎች በብልት ውስጥ ሲመናመኑ ቦታውን የሚይዙት ሌሎች ተሕዋስያን ናቸው። ስለዚህ የኢንፌክሽኑ ዕድል የሚወሰነው በባክቴሪያውና በሕዋሱ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቻቸውም ጭምር ነው። በአዊ ዞን የሚኖሩ ሴቶች የብልት ተሕዋስያን ምን ይመስላሉ የሚለው ጥያቄ ከዚህ አንጻር ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው፤ የዘረ መል ምርመራ ውድ ነው፣ ክልሉም በግጭት ምክንያት የጤና አቅርቦቱ ተፈትኗል። ሆኖም ያለ ምርመራ ማከምም የራሱ ወጪ አለው። የብልት ፈሳሽ የማሕፀን በር ኢንፌክሽንን በትክክል የማመልከት አቅሙ ደካማ ስለሆነ፣ አሠራሩ ያልታመሙትን አንቲባዮቲክ እያስወሰደ የታመሙትን ያሳልፋል። የጨብጥ ባክቴሪያ ሰልፋን፣ ፔኒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን በየተራ መላመዱ ሲታሰብ፣ በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ርካሽ አይባልም። ሁለተኛው ተቃውሞ ነውር ነው። ሳትታመም «የአባላዘር በሽታ አለብሽ» የተባለች ሴት በቤቷ ልትከሰስ ትችላለች። ይህ ምርመራን ለመተው ሳይሆን ምስጢርን ለመጠበቅ፣ ባልን በጥንቃቄ ለመጥራትና ምክሩን በአዊኛ ጭምር ለመስጠት ምክንያት ይሆናል።

መነሻው ከዜሮ አለመሆኑም ሊታወስ ይገባል። በእርግዝና ክትትል ወቅት ለኤችአይቪና ለቂጥኝ የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ስለዚህ ያልታመመችን ሴት መመርመር እንግዳ አሠራር አይደለም። በሀገሪቱ በርካታ ሆስፒታሎች ለሳንባ ነቀርሳ የሚያገለግለው ጂንኤክስፐርትም ተስማሚ ካርትሬጅ ከቀረበለት ክላሚዲያንና ጨብጥን በአንድ ናሙና በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይለያል። የበርካታ ሴቶችን ናሙና አዋሕዶ መመርመርም ወጪ ይቀንሳል። በእንጅባራና በዳንግላ የእርግዝና ክትትል ክፍሎች ምልክት በሌላቸው እናቶች ላይ የሚደረግ የተወሰነ ጥናት፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ የአካባቢው ተቋም ከጤና መሥሪያ ቤቶች ጋር ሊመራው የሚችል ሥራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 129 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያና 82 ሚሊዮን አዲስ የጨብጥ ኢንፌክሽኖች ተከስተዋል። ከእነዚህ ውስጥ የአዊ ዞን ድርሻ በምልክት ቆጠራ አይታወቅም፤ ምልክት የሌለው አይቆጠርምና። በሌላ በኩል አራስ ሕፃን ሲወለድ ዓይኑ በቴትራሳይክሊን ቅባት ይቀባል። የቅባቱ ትርጉም ግልጽ ነው፤ እናቲቱ ምንም ባትናገርም በማሕፀኗ በር ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ሊኖር እንደሚችል ሥርዓቱ አስቀድሞ ያምናል። የልጁ ዓይን ይጠበቃል፤ የእናቱ ማሕፀን ግን አይጠየቅም። ለልጁ ዓይን የተሰጠው ጥንቃቄ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በእርግዝና ክትትል ክፍል፣ ለእናቲቱም ሊሰጥ ይገባል።