ቁምጣውና ሰውዬው

በ2013 በወጣው «ማን ኦፍ ስቲል» በተባለው ፊልም ሱፐርማን ያለ ቀይ ቁምጣው ብቅ አለ፤ በ2025 በቀረበው «ሱፐርማን» ደግሞ ቁምጣው ተመለሰለት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመካከሉ ስለዚያች ቁራጭ ጨርቅ የተደረገው ክርክር፣ ስለ ገጸ ባሕርዩ ተግባር ከተደረገው የሚያንስ አይመስለኝም።

ሥዕላዊ ታሪክ፣ በተለምዶ ኮሚክ የምንለው፣ ወደ ፊልም በተለወጠ ቁጥር ሁለት ወገኖች ጎራ ለይተው ይሟገታሉ። አንደኛው ወገን የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ይመጣል፤ የካባውን ርዝመት ይለካል፣ የጸጉሩን ቀለም ይመረምራል። ሁለተኛው «ፊልም ራሱን የቻለ ጥበብ ነውና መጽሐፉን ተዉት» ይላል። የፊተኛው ቅርጽን ከይዘት ነጥሎ ያመልካል፤ የኋለኛው ይዘቱን ጥሎ ስሙን ብቻ ይዞ ገበያ ይወጣል። ይህ ገጸ ባሕርይ ምን እንዲሠራ፣ ለማንስ እንዲቆም ተፈጠረ ተብለው ቢጠየቁ ግን ሁለቱም መልስ የላቸውም።

ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር፣ ከአይሁድ ስደተኞች ቤተሰብ ተወልደው በክሊቭላንድ ከተማ የኤኮኖሚውን ድቀት ዘመን ያሳለፉ ወጣቶች ነበሩ። በ1938 በታተመው የመጀመሪያ ታሪክ ውስጥ ጀግናው ከሕዋ ከመጣ ጠላት ጋር አይዋጋም። ባልሠራችው ወንጀል በኤሌክትሪክ ወንበር ልትገደል የተቃረበችን ሴት ለማዳን የአገረ ገዥውን በር ሰብሮ ይገባል፤ ሚስቱን የሚደበድብ ባል እጅ ይይዛል፤ አገሪቱን ወደ ጦርነት ሊጎትት ከአንድ የምክር ቤት አባል ጋር የሚዶልትን ደላላ ያስደነግጣል። ብዙም ሳይቆይ በሌላ እትም የማዕድን ጉድጓዱን ደኅንነት ችላ ያለ ባለሀብት ከነድግስ እንግዶቹ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ እንዲታፈን ያደርገዋል። ጥር 1939 የሚል ቀን በያዘው እትም ደግሞ ልጆችን ለወንጀል የሚዳርጋቸው የሚኖሩበት የተጎሳቆለ ሰፈር መሆኑን ተረድቶ፣ መንግሥት አዲስ ቤት ለመሥራት እንዲገደድ ሰፈሩን በገዛ እጁ ያፈርሰዋል። ሱፐርማንን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል።

አሁን የ2013ቱን ፊልም እንመልከት። በዚያም ሕንጻ ይፈርሳል፤ እንዲያውም ከተማው በሞላ ይናዳል። የ1939ኙ ፍርስራሽ ግን ታሪኩ ሁሉ በውስጡ ስለኖሩት ሰዎች ነበር። በ2013ቱ ሱፐርማንና ባላጋራው ዞድ ሰማይ ጠቀሱን ሕንጻ በስተው ሲያልፉ እዚያ ውስጥ ማን ይሠራ እንደነበር ለማየት ካሜራው አይቆምም። ከፍርስራሽ ሥር የተቀበረችን የጋዜጣ ሠራተኛ ባልደረቦቿ ለማውጣት የሚታገሉበት ትዕይንት መኖሩ አይካድም፤ ጥሩ ትዕይንት ነው። አዘጋጁ ዛክ ስናይደርም በ2016 ባቀረበው ተከታይ ፊልም ያንኑ ጥፋት መንገድ ላይ ከቆመ ሰው ዓይን ደግሞ አሳይቷል። ወቀሳው ሳይደርሰው አልቀረም።

ቁምጣ ለኪዎቹ በዚህ ፊልም ላይ ያነሡት ትልቁ ክስ ሌላ ነበር፤ «ሱፐርማን አይገድልም» የሚል። በ1988 በታተመው ኮሚክ ግን ሱፐርማን ዞድንና ሁለት ግብረ አበሮቹን ራሱ ፈርዶ ራሱ ገድሏል። ዳኛ ብለው የጠሩት መጽሐፍ በእነሱው ላይ መሰከረ ማለት ነው።

ለፊልም የተለየ ጥላቻ እንደሌለኝ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በኮሚኩ ላይ ክላርክ ኬንት መነጽር ካደረገ ማንም አይለየውም፤ ሥዕል ስለሆነ አንባቢ ስምምነቱን ተቀብሎ ያልፋል። ሕይወት ያለው ተዋናይ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አይደረግለትም። በ1978ቱ ፊልም ክሪስቶፈር ሪቭ ሎይስ ወደ ጓዳ በገባችበት ቅጽበት መነጽሩን ያወልቃል፣ ትከሻውን ይዘረጋል፣ ድምፁ ይጎረንናል፤ ምሥጢሩን ሊነግራት ይቃጣዋል። ወዲያው ፈርቶ ይሸበሸባል፣ መነጽሩንም ይመልሳል። በመድረክ ሥራ የቆየ ሰው ይህን ሲያይ ከመቀመጫው ይነሣል። ሥዕሉ በስምምነት ያለፈውን ነገር ሪቭ በአካሉ አረጋገጠው፤ ከመጽሐፉ ራቀ፣ ገጸ ባሕርዩን ግን አገኘው።

የዚህ ተቃራኒ የ2009ኙ «ዎችሜን» ነው። የአለን ሙርና የዴቭ ጊብንስ ሥራ ገጹ በአብዛኛው በ9 ክፋዮች የተደለደለ ነው። ፊልሙ ብዙዎቹን ክፋዮች እስከ ጥላቸው ቀድቷል። ይሁን እንጂ በሥዕላዊ ታሪክ ውስጥ ጊዜ የሚያልፈው በሁለት ክፋዮች መካከል ባለው ባዶ መስመር ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ብዙ ጊዜ በ44 ክፋዮች የሚሣለውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ያየ ሰው፣ ንግሥቲቱ ጉዞ በጀመረችበትና ኢየሩሳሌም በደረሰችበት ክፋይ መካከል ያለውን በረሃ የሚሻገረው ራሱ ነው። በመጽሐፉ ድብድቡ አጭርና አስቀያሚ ነው፤ ጭንብል ለብሶ መደባደብ ምን ያህል የታመመ ምኞት እንደሆነ ይነግረናል። በዚያው አዘጋጅ እጅ የተሠራው ፊልም ያንኑ ድብድብ በዝግታ እያንሳፈፈ፣ አጥንት ሲሰበር እያሰማ አስዋበው። መጽሐፉ የከሰሰውን ነገር ፊልሙ አጨበጨበለት። ልብሱ ግን እንከን አልነበረውም!

የ2025ቱን ፊልም የወደድኩት ቁምጣው ስለተመለሰ አይደለም። ሰውዬው ወረራ ለማስቆም በራሱ ሥልጣን ጣልቃ ገብቶ፣ «ማን ፈቀደልህ?» ተብሎ በወዳጁ በሎይስ ስለሚፋጠጥ ነው። በውጊያ መካከል ከእግር ሥር አንዲት ሽኮኮ ማንሣቱን የቀለዱበት አሉ፤ እኔ ግን የ1938ቱን ሱፐርማን ያስታወሰኝ እሱ ነበር።

ታማኝነት ከተባለ ደግሞ የገንዘቡንም ጉዳይ እናንሣ። ሲገልና ሹስተር ለመጀመሪያው ታሪክና ለገጸ ባሕርዩ ሙሉ መብት የተከፈላቸው 130 ዶላር ነበር። የ1978ቱ ፊልም ሲታሰብ ሹስተር የዓይኑ ብርሃን ደክሞ፣ ሲገልም በትንሽ ደመወዝ እየኖረ ነበር። በ1975 ሲገል አቤቱታውን ለጋዜጦች ካሰማና የሙያ ባልደረቦቻቸው ከጎናቸው ከቆሙ በኋላ፣ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር እንዲከፈልና ስማቸው በሥራው ላይ እንዲጻፍ ተወሰነ። ሪቭ በሚበርበት ፊልም መግቢያ ላይ የሁለቱን ስም የምናነበው በዚህ ምክንያት ነው።