ሸንጎ የሌለው ድምፅ

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነዋሪው በየቀበሌው መሪዎቹን እንዲመርጥ ደንግጎ ነበር። መብት ግን በተግባር ካልተተረጎመ ከወረቀት አያልፍም።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1997 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ። በተነሣው ውዝግብ መካከል ግን ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ፤ በ1998 ዓ.ም. ባለአደራ አስተዳደር ተሰየመ። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ በተራው 137 መቀመጫ ያዘ። በነዚያ ዓመታት የአዲሱ ገበያ ሠርቶ አደር ስለ ውኃውና ስለ ቤት ኪራዩ የሚጠይቀው፣ በድምፁ ያቆመው የከተማ ምክር ቤት አልነበረውም።

በመሆኑም የምርጫ ድል መለኪያው የተመረጠው ሸንጎ ተሰብስቦ ለሰፊው ሕዝብ መልስ መስጠቱ ነው። ድምፁን የሰጠ ሁሉ ድምፁን እስከ ሸንጎው ደጃፍ ይከተል!