«ጃጁ እኮ!» ቀልድ አይደለም

ጥሊሊ ላይ ሁለት ዓይነት ሽማግሌ አለ። አንደኛው ሰው ሲጣላ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ የሚጠራው ነው። ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ መሬቱ ለማን እንደተደለደለ፣ ያኔ በእርቁ ላይ የተባለው ምን እንደነበር ወረቀት ሳያይ ይናገራል። ሁሉም ዝም ብሎ ያዳምጠዋል።

ሁለተኛው ያው ሰውዬ ነው፤ ማታ ቤቱ ሲገባ። ከዘራውን የት እንዳስቀመጠ ሲጠፋበት የቤቱ ሰው «ጃጁ እኮ!» ብሎ ይስቃል።

ቀልድ ይመስላል። ግን ይህ ቃል ራሱ የማስታወስ ችሎታን እንደሚጎዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ቤካ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት ለአዛውንቶች ዓይን በማይለየው ፍጥነት ቃላት በስክሪን ላይ ብልጭ አደረገች። መጃጀትን የሚጠቁሙ ቃላት የታዩአቸው በማስታወስ ፈተና ዝቅ አሉ፤ ጥበብን የሚያነሱ ቃላት የታዩአቸው ደግሞ ተሻሻሉ። በወጣቶች ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። ስድቡ የሚጎዳው የሚመለከተውን ሰው ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሌላ ጥናቷ ደግሞ ሰዎችን እስከ 38 ዓመት የተከታተለ መረጃን መረመረ። ስለ እርጅና የከፋ አመለካከት የነበራቸው ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላ የማስታወስ ችሎታቸው ከሌሎቹ በ30 በመቶ በበለጠ ቀነሰ። ይህ ብቻውን አመለካከቱ መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። ከሙከራው ጋር ሲነበብ ግን ችላ የሚባል አይደለም።

እንዴት ይሆናል? «ልረሳ ነው» ብሎ የሚሰጋ ሰው ሐሳቡ በስጋቱ ይያዛል። ደጋግሞ የተሳቀበት ደግሞ መሞከሩን ይተዋል። የገበያውን ሒሳብ ለልጁ፣ ስልኩን ለልጅ ልጁ ያስረክባል። ያልተሠራበት ችሎታ ይደክማል፤ እኛም «ብለን ነበር!» እንላለን።

«ካረጁ አይበጁ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ፣ በሰባት ቤት አገው የዘር ሐረግ የሚቆጥሩለትም እነዚሁ አዛውንቶች ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በፈረሰኞች በዓል ፊት እናስቀምጣቸዋለን። በማግስቱ ባንክ ቤት ይዘናቸው ስንሄድ ግን ሠራተኛው እሳቸውን ትቶ እኛን ይጠይቃል፤ እኛም እንመልሳለን።

ዕድሜ ምንም አይቀንስም እያልኩ አይደለም። ስም ቶሎ አለመምጣት፣ ነገር ለመያዝ ጊዜ መውሰድ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ነገር ግን ለዓመታት የሄዱበት መንገድ ከጠፋቸው፣ አሁን የጠየቁትን መልሰው መላልሰው ከጠየቁ፣ የለመዱትን ብር መቁጠር ካቃታቸው ጉዳዩ ሌላ ነው። ወደ ጤና ባለሙያ ይወሰዱ። ድብርት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ሁሉ ያስረሳሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። የጆሮ መድከምም እንደ መርሳት ሊታይ ይችላል። «እርጅና ነው» ብሎ የተቀመጠ ቤተሰብ ይህን በር በገዛ እጁ ይዘጋል። ሕመሙ የማይድን ቢሆን እንኳ በሽታ ነው፤ መሳቂያ አይደለም።

ስለዚህ የሚቀል ነገር ልጠይቅ። ሐኪሙም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ልጅም እሳቸውን ፊት ለፊት «እርስዎ ምን ይላሉ?» ይበላቸው። ቃሉ እስኪመጣላቸው እንጠብቅ፤ ከአፋቸው አንንጠቅ። የሚችሉትን ሥራ አንቀማቸው። ሒሳቡን ይቁጠሩ፣ ዘመዱን ይጥሩ፣ ልጆቹን በአማርኛም በአውንጊም ያጫውቱ።

የ25 ዓመት ወጣት ቁልፉን ሲጥል «ረሳሁት» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የ70 ዓመቱ አባባም ረስተው ነው። «ረሱት» ማለት ይበቃል።