ጎማው ይቅደም፤ ቸርኬው በሒሳብ ይሁን



ካናዳ በምንኖር ወጣቶች መካከል ቅዝቃዜው ሲጀምር በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ለክረምት ጎማዬ የራሱን ቸርኬ ልግዛለት? ወይስ ባለኝ ቸርኬ ላይ እያስፈታሁ ላስገጥም?» እዚህ ክረምት የምንለው የሐምሌን ዝናብ ሳይሆን ከኖቬምበር እስከ ማርች የሚዘልቀውን የበረዶ ወቅት ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን በታክሲና ምግብ በማድረስ የምንተዳደር ነን፤ መኪናው እንጀራችን ነው። ተሳፋሪው ደግሞ የሰው አደራ ነው።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። የክረምት ጎማ የግድ ነው፤ ቸርኬ ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ስናምታታ ነው የምንጎዳው።

ጎማውን የግድ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የበጋ ጎማ እየደረቀ መንገድ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የክረምቱ ጎማ ግን በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ የተሠራ ነው። የሚገጠመውም ለአራቱም እግር ነው። የፊቱን ብቻ የቀየረ ሰው ፍሬን ሲይዝ የኋላው ይንሸራተትበታል። በኪውቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የክረምት ጎማ በሕግ ግዴታ ነው። በኦንታሪዮ ግዴታ ባይሆንም ከ2016 ጀምሮ ኢንሹራንሶች የክረምት ጎማ ለሚገጥም ደንበኛ ቅናሽ እንዲያደርጉ ታዘዋል። ስለዚህ ደውላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ወደ ቸርኬው እንምጣ። የተለየ ቸርኬ ከሌለን በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማው ከቸርኬው በማሽን ይላቀቃል፣ ሌላው ይገባል፣ ባላንስ ይሠራል። በየጊዜው ይከፈልበታል፤ ቸርኬውን የሚይዘው የጎማው ጠርዝም ሊጎዳ ይችላል። የራሱ ቸርኬ ካለው ግን ዳዶ ፈትቶ ዳዶ ማሰር ብቻ ነው። ሙያው ያለው ሰው በክሪክና በቁልፍ ራሱ ይጨርሰዋል። በተጨማሪም መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ውዱን የአሉሚኒየም ቸርኬ ያበላሻል። ለክረምት ተራው የብረት ቸርኬ ይበቃል።

አሁን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ በሰፈራችሁ ዋጋ ተኩዋቸው። ያለ ቸርኬ ማስቀየር በአንድ ጊዜ 100 ዶላር፣ ከነቸርኬው 50 ዶላር ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሆነ 100 ዶላር ይተርፈናል። አራት የብረት ቸርኬ በ300 ዶላር ከገዛን ገንዘባችን በሦስት ዓመት ይመለሳል። መኪናችን የጎማ ነፋስ የሚለካ ሴንሰር በየቸርኬው ውስጥ ያለው ከሆነና ለአዲሶቹ 200 ዶላር ከጨመርን አምስት ዓመት ይፈጃል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ይህን መኪና ስንት ክረምት እነዳዋለሁ?» የሚለው ነው። አራት አምስት ዓመት የምትይዘው ከሆነ ግዛ። በሚቀጥለው ዓመት የምትሸጠው ከሆነ ተወው። «ለሚቀጥለው መኪናዬ ይሆነኛል» ብለህ አትተማመን፤ የዳዶው ቀዳዳ ብዛትና ርቀት፣ የመሃሉ ቀዳዳ ስፋትና የፍሬኑ ቦታ ከመኪና መኪና ይለያያል።

ሒሳቡን የሚለውጥ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ መኪና ባለ 17 ቸርኬ ይዞ ቢመጣም ባለ 16 ይቀበላል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት እኩል እስከሆነና ፍሬኑን እስካልነካ ድረስ ችግር የለውም። የትንሹ ጎማ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ስለሚቀንስ ልዩነቱ የቸርኬውን ወጪ ሊያግዝ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ።

«አፓርታማ ነው የምኖረው፣ የት አስቀምጠዋለሁ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ቸርኬ ባይኖረውም የተፈታው ጎማ ቦታ መፈለጉ አይቀርም። ለማስቀመጫ የምትከፍሉ ከሆነ ከነቸርኬው ስንት እንደሚጨምር ጠይቃችሁ ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

እኛ አጥብቀን የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። በእጁ ያለውን ገንዘብ በሚያብለጨልጭ ቸርኬ ላይ ጨርሶ ጥርሱ ያለቀ አሮጌ ጎማ የሚያስገጥም ወጣት አለ። ለዚያው ቸርኬ ሲል ወለድ ውስጥ የሚገባም አለ። ወገኖቼ፣ መኪናውን በበረዶ ላይ የሚያቆመው ቸርኬው አይደለም። መንገዱን የሚነካው ከየጎማው የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ነው። ገንዘባችን ለአንዱ ብቻ ከበቃ ለዚያች መዳፍ ይሁን። ቸርኬው ለከርሞ ይደርሳል ኢንሻአላህ።

አሮጌ ቸርኬ የምትገዙ ከሆነ ያልጠመመና ያልተሰነጠቀ መሆኑን ባለሙያ ይይላችሁ። ከተገጠመ በኋላም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ ዳዶው መጥበቁን እንደገና አረጋግጡ። ቀጠሮውንም የመጀመሪያው በረዶ ሳይወርድ ያዙ፤ በረዶው ከወረደ በኋላ ጎሚስታው በር ላይ የሚቆመው ሰልፍ ረጅም ነው።