ስጦታው ከካርቶን ወጥቶ ከተማሪው እጅ ይግባ

ርእሰ አንቀጽ

የትምህርቱ ዘመን ሊፈጸም ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። እንደ ልማዳችን በየመኝታ ቤቱ ደጃፍ የመሰብሰቢያ ሣጥን ይቆማል፤ የማኅበራችን ተመራጮችም በምግብ አዳራሹ እየዞሩ ለታናናሾቻችን መጽሐፍ፣ ደብተርና ገንዘብ ይለምናሉ። የሚሰጠው ጥቂት አይደለም፤ የተማሪን ኪስ ለሚያውቅ ሰውማ እጅግ ብዙ ነው። ይህን መልካም ልማድ የጀመሩልን ታላላቆቻችን ይመስገኑ። ዳሩ ግን ዘንድሮ ሣጥኑ ከመቆሙ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መነጋገር ይገባናል። የምንሰጠው ነገር በክፍል ውስጥ ትምህርት ይሆናልን? ወይስ ዕቃ ሆኖ ይቀራል?

ጥያቄውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት ከዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች አንዱ ወደ አገሩ በሄደ ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የላክነው መጽሐፍ የደረሰበትን ትምህርት ቤት ጎብኝቶ ነበር። ርእሰ መምህሩ በደስታ ተቀብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወሰዱት። ካርቶኖቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው፣ የሚበዙት የታሰሩበት ገመድ እንኳ ሳይፈታ አገኛቸው። ከላይ የነበረውን ካርቶን ቢከፍተው፣ ጥቂት የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች፣ አንድ ያረጀ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍና የመጀመሪያው ጥራዝ የሌለው የኮሌጅ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ጥራዝ ወጣ። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነው። ከካርቶኖቹ አጠገብ ሌላ ደግ ሰው የሰጠው ማይክሮስኮፕ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። «ስለ ምን አይሠራበትም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሳይንሱ መምህር «በስሜ ተመዝግቦ ነው የተረከብሁት፤ ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል» ሲሉ መለሱለት።

በመምህሩ ልንፈርድ አንችልም። ከእኛ መካከል በዚያ ደመወዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ቢኖር እንዲሁ ባደረገ ነበር። በርእሰ መምህሩም አንፈርድም፤ እርሳቸው የተላከላቸውን በክብር አስቀምጠዋል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ሳንጠይቅ፣ ለእኛ የማያስፈልገንን ሰጠናቸው።

ይኸው ባልደረባችን ግን በዚያው ግቢ ሌላም ነገር አይቷል። አንዲት የ5ኛ ክፍል መምህርት ከከተማው ባለ ሱቅ ዐሥር የባትሪ ድንጋይ፣ ዐሥር ትንንሽ አምፖልና ጥቂት ሜትር ሽቦ ለምነው አግኝተዋል። ስድሳ ተማሪዎቻቸውን በዐሥር ቡድን ከፍለው፣ ለያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ አድለው፣ «አብሩት» ብለው ዝም አሉ። ልጆቹ በመጀመሪያ ሽቦውን በአንድ ወገን ብቻ አገናኝተው ቢሞክሩ አልበራም። አንዱ ቡድን በሁለቱም ወገን ገጥሞ ሲያበራ ሌላው ተንጋግቶ መጣ። ቆይቶ አንዲት ልጅ ሽቦውን ለቀቀችና «ቲቸር፣ ስለቀው ጠፋ!» አለች። መምህርቷ «ለምን ይመስልሻል?» ብለው ጥያቄውን ለክፍሉ መለሱት። ኤሌክትሪክ መንገዱ ዙሪያውን ካልተገጠመ እንደማያልፍ ያን ቀን ያወቀ ልጅ፣ በፈተና ቀን ለማስታወስ አይቸገርም። ከመጽሐፍ ሸምድዶት ሳይሆን በእጁ ሠርቶት ነውና።

እኚሁ መምህርት በሌላ ቀን ከጤና ጣቢያ በተለመነ ጥቂት አዮዲን የምግብ ትምህርት አስተምረዋል። አዮዲኑ በድንች ላይ ጠብ ሲል ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በእንጀራም ላይ እንዲሁ ይሆናል፤ በተቀቀለ እንቁላል ነጭ ላይ ግን አይጠቁርም። ስታርች የትኛው ምግብ ውስጥ እንዳለና የትኛው ውስጥ እንደሌለ ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ልጆቹ ቀድመው አይተውታል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ማይክሮስኮፑ የተሸፈነበትን ላስቲክ ዋጋ ቢያህል ነው።

እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ስጦታ አየን። አንደኛው ውድ፣ ሁለተኛው ርካሽ ነው። ትምህርት የሆነው ርካሹ ነው። ልዩነቱን ያመጣው መምህርቷ ራሳቸው የጠየቁት በመሆኑ ነው። የትኛውን ትምህርት ሊያስተምሩበት እንደ ሆነ አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ዕቃውም ቢሰበር የሚያስጠይቅ ስላልነበረ ከልጆቹ እጅ ለመግባት አልፈሩበትም።

ይህ የአንድ ሰው ትዝብት ብቻ እንዳይመስል ከጎረቤታችን ከኬንያ አንድ ምስክር እንጥራ። በ1996 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ኬንያ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለ25 ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ ሰጠ። እነ ማይክል ክሬመር የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ውጤቱን ካልተሰጣቸው ትምህርት ቤቶች ጋር አመዛዘኑት። መጽሐፍ በሌለበት ክፍል መጽሐፍ ሲገባ ውጤቱ ከፍ ይላል ብሎ የማያስብ ማን ነው? ነገር ግን የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት አልጨመረም። የተጠቀሙት ቀድሞውኑ ጎበዝ የነበሩት ናቸው። ምክንያቱ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መጻፉ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ነበረ። ማንበብ ለቻለው ስጦታ ሆነለት፤ ለሌላው የተሸከመው ሸክም ሆነ። ክሬመር በድህነት ላይ ስላደረጉት እንዲህ ያለ ምርምር በ2019 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል። እኛ ግን ያንኑ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዛሬም በካርቶን እናስራለን።

በተቃራኒው የልጁን ቋንቋና ችሎታ ካሰቡት መካከል የራሳችን ሰው አሉ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ፣ የብዙ አገር ልጆች በቋንቋቸው መጽሐፍ ሲያገኙ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሰጥ አለመኖሩን ተመለከቱ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በሐዋሳም አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ወደ ልጆቹ እንዲሄድ አደረጉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መጽሐፉ በግምጃ ቤት ሆኖ ልጁን አልጠበቀም፤ ልጁ ወዳለበት ሄደ።

የመምህሩን ጥያቄ ማስቀደም እንደሚቻል ደግሞ ከአሜሪካ እንማር። ቻርልስ ቤስት የተባለ፣ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ያስተምር የነበረ መምህር በ2000 እ.ኤ.አ. ዶነርስቹዝ የሚባለውን ድርጅት ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። መምህሩ ለክፍሉ የሚፈልገውን ዕቃና የሚፈልግበትን ምክንያት ይጽፋል፤ ሰጪው አንብቦ የወደደውን ይረዳል፤ ድርጅቱ ጥሬ ገንዘቡን ሳይሆን ዕቃውን ገዝቶ ወደ ክፍሉ ይልካል፤ በመጨረሻም ሰጪው ከክፍሉ የምስጋና ቃል ይደርሰዋል። እንግዲህ በሀብታም አገር እንኳ በጀት የማይደርስለት ክፍል አለ ማለት ነው። የክፍሉን ጉድለት ከዚያው ከሚውለው መምህር አስበልጦ የሚያውቅ ሰው እንደሌለም ያስገነዝበናል።

ይህን ዕውቀት ከእኛ በፊት የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌላ መንገድ አግኝተውት ነበር። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር፣ ተማሪዎች አንድ ዓመት ከትምህርታቸው ተለይተው ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ይሄዱ፣ የሚበዙትም በአስተማሪነት ያገለግሉ ነበር። በአንድ ክፍል ፊት አንድ ዓመት የቆመ ሰው ምን እንደሚጎድል ሳይነገረው ያውቃል። እኛ ያንን ዓመት አላገለገልንም፤ ስለዚህ መጠየቅ ግዴታችን ነው።

ነገሩ የሚያስቸኩል መሆኑን ቁጥሩ ይመሰክራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ 5.4 ሆኑ። እኛ በዚህ ግቢ የተቀመጥነው ከብዙዎች መካከል የተረፍን ነን። የቀሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሰነፎች ስለ ሆኑ አልቀሩም። የሚበዙት የቤተ ሙከራን ዕቃ በሥዕል ብቻ እያዩ 12 ዓመት የተማሩ ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውልም መጽሐፉ በጊዜው ሳይደርስ ቀርቶ፣ ስልክ ያለው ከስልኩ ሲያነብ ስልክ የሌለው ዝም ብሎ የተቀመጠበት ክፍል ብዙ ነበር።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን በዚህ ላይ ይቃወሙናል። «ክፍሉን ማሟላት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ እኛ በሰጠን ቁጥር ግዴታውን እናቀልለታለን» ይላሉ። ቃሉ እውነት አለበት፤ አናቃልለውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ በብዙ ስፍራ ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ «መዋጮ» ይጠየቃል። ካልከፈለ ልጁ የማይመዘገብለት ከሆነ ያ ግብር ነው እንጂ ስጦታ አይደለም፤ ማኅበራችንም ይህን መቃወም አለበት። መምህርና ደመወዝ፣ ሕንፃና ውኃ፣ ለያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፍ፤ ይህ ሁሉ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ በልመና ሊተካም አይገባውም። ነገር ግን ዕዳው እስኪከፈል ድረስ የ5ኛ ክፍሏ ልጅ 5ኛ ክፍልን ሁለተኛ አትማረውም። አምፖሉን ዛሬ እየሰጠን ስለ በጀቱ መጮኽ እንችላለን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሌላም እውነተኛ ስጋት አለ። ስጦታ መንገድ ይወዳል። ከዋናው መንገድ ዳር ያለ ትምህርት ቤት፣ ወይም በከተማ ባለ ሥልጣን ሆኖ የተቀመጠ የቀድሞ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት፣ ከሁለትና ከሦስት ወገን ይደርሰዋል። ከመኪና ወርዶ ግማሽ ቀን በእግር የሚኬድበት ግን ከማንም አይደርሰውም። የማኅበራችን አባሎች ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ የመጡ ናቸው። ይህን አድሎ ለማስተካከል ከእኛ የተሻለ የሚችል የለም።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ዘንድሮ ሣጥኑ ገንዘብ ብቻ ይቀበል፤ ዕቃው በመስከረም ይገዛ። መጽሐፍ መስጠት የሚወድ ቢኖር ማኅበሩ ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሸጦ ዋጋውን ከገንዘቡ ይደምረው።

ሁለተኛ፣ ክረምቱን ወደ አገሩ የሚሄድ እያንዳንዱ አባል በአካባቢው ከሚኖር አንድ መምህር ወይም አንዲት መምህርት ጋር ተገናኝቶ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፤ መልሱንም ጽፎ ያምጣ። የትኛውን ትምህርት ማስተማር ያስቸግርዎታል? ምን ቢኖር ይቀልልዎታል? ስንት ተማሪ በእጁ ይሠራበታል? መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ የሚያነቡት በየትኛው ቋንቋ እንደ ሆነ ይጻፍ። ለአማርኛ ተማሪ አማርኛ፣ ለኦሮምኛ ተማሪ ኦሮምኛ፣ ለትግርኛ ተማሪ ትግርኛ ይገዛለት።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ሲሰጥ ከትምህርት ቤቱ ጋር አጭር ስምምነት ይፈረም፤ ይኸውም ዕቃው ሊሠራበት እንጂ ሊቀመጥ ያልተሰጠ መሆኑን፣ በትምህርት ላይ ሳለ ቢሰበርም መምህሩ የማይጠየቅበት መሆኑን የሚገልጽ ነው። የባትሪ ድንጋይ ያልቃል፤ አምፖል ይቃጠላል፤ መስታወት ይሰበራል። ስለዚህ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ለመተኪያ ይቀመጥ። የተሰበረ አምፖል የተሠራበት አምፖል ነው፤ እኛስ የምንፈራው ያልተሰበረውን ነው።

አራተኛ፣ በሚቀጥለው ክረምት ያው አባል ተመልሶ ሄዶ ይይ። በዕቃው የተሠራውን ሥራ፣ ያልተሠራበትም ከሆነ ምክንያቱን ጽፎ በዚህ ጋዜጣ ያውጣ። ጉድለታችን ቢገለጥ አናፍርም፤ ተሸፍኖ ቢኖር ግን ያሳፍረናል።

ለተከበራችሁ መምህራኖቻችንም አንድ ቃል አለን። ከእናንተ መካከል ነገ በየክፍለ ሀገሩ የሚያስተምሩትን የምታሠለጥኑ አላችሁ። ዕጩ መምህራኑ በርካሽ ዕቃ የሚሠራ የቤተ ሙከራ ትምህርት ይዘው እንዲወጡ ብትረዷቸው፣ የእኛ ጥቂት ሳንቲም እጥፍ ይሆናል። በየገጠሩ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መምህራን ደግሞ ስትጠየቁ «የተገኘውን ላኩልን» አትበሉን። የተገኘውን ከላክን የሚደርሳችሁ የኬሚስትሪው ሁለተኛ ጥራዝ ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንደ ተባለው፣ የጎደለውን በስሙ ጠርታችሁ ንገሩን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በዚህ ዓመት ሎሚውን ከመሸከማችን በፊት ሎሚ የፈለገው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። በዚያች ከተማ ግምጃ ቤት የተቀመጡት ካርቶኖች ግን የእኛው ናቸውና፣ በክረምቱ ሄደን ገመዱን ራሳችን እንፈታለን፤ የሚጠቅመውን ለይተን ከክፍል እናስገባለን፣ የማይጠቅመውን ተሸክመን እንመለሳለን።