ከ21ዱ ዘረ-መሎች በፊት

የዚህን ወር ዓምድ ሙሉ በሙሉ የወሰደው ከአርባ ምንጭ፣ ከሴቻ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። የጸሐፊዋ እናት የሚኖሩት ጨንቻ ነው። ባለፈው ዓመት ጡታቸው ላይ የማያም እብጠት ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ካንሰር ነው ተባለ። ከዚያ አሜሪካ ያለው የአክስቷ ልጅ ደወለ። «እዚህ እኮ 21 ዘረ-መሎችን አንብቦ ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚናገር ምርመራ አለ» አላት። ዋጋውንም ነገራት። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። አባት አፕል የተከሉበትን መሬት አስይዘው ሊበደሩ ተነሥተዋል። ሽሮ ሜዳ በሽመና የሚተዳደረው ታላቅ ወንድም ያጠራቀመውን ሊጨምር ቃል ገብቷል። የደብዳቤው ጥያቄ አጭር ነው፦ «እናድርገው ወይስ ይቅር?»

ደብዳቤውን ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን በጥያቄው ምክንያት አይደለም። ጸሐፊዋ የናሙና ምርመራውን ውጤት ፎቶ አንሥታ ልካልናለች። ወረቀቱ የካንሰሩን ዓይነትና መጠን ይናገራል። ስለ ሆርሞን ተቀባይ ግን አንዲት መስመር የለበትም። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የአክስት ልጅ ስላለው ምርመራ። ውሸት አልተናገረም፤ ትንሽ አጋነነ እንጂ። በሰውነታችን ውስጥ ባለው ሴል ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ዘረ-መሎች አሉ፤ ቁጥራቸው 20000 ገደማ ነው። የጡት ሴል ከጉበት ሴል የሚለየው የትኛው ዘረ-መል እየሠራ፣ የትኛው ተኝቶ እንዳለ ነው። ዶርዜ ሄዶ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ድሩ ያው አንድ ድር ነው፤ መልኩን የሚለውጠው የትኛው ክር ተነሥቶ የትኛው እንደቀረ ነው። ዘረ-መል ሲሠራ አር ኤን ኤ የሚባል ግልባጭ ያወጣል። ግልባጩን የቆጠረ ሰው ዘረ-መሉ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካዊው ተመራማሪ ቻርለስ ፔሩና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ የጡት ዕጢዎችን ሲመረምሩ፣ የጡት ካንሰር የምንለው አንድ በሽታ ሳይሆን ጠባያቸው የተለያየ በሽታዎች ስብስብ መሆኑን አሳዩ። በ2002 ኔዘርላንድስ ውስጥ 70 ዘረ-መሎችን በማንበብ የማን ካንሰር ቶሎ እንደሚዛመት መገመት ተቻለ። ባለ 21 ዘረ-መሉ ምርመራ የወጣው በ2004 ነው። 16ቱ ስለ ካንሰሩ ይናገራሉ፤ 5ቱ ለማመሳከሪያ የሚያገለግሉ ናቸው። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 በሚደርስ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከፍ ባለ መጠን ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል።

ይህ ነጥብ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ከ10000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ካንሰሩ ወደ ብብት ዕጢዎች ካልደረሰባቸው፣ ሆርሞን ተቀባይ ካላቸውና ነጥባቸው ከ11 እስከ 25 ከሆነ ሴቶች አብዛኞቹ ኬሞቴራፒ ባይወስዱም በሆርሞን ክኒን ብቻ እኩል ደህና እንደሚሆኑ አሳይቷል። 50 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑትና ነጥባቸው 16ና ከዚያ በላይ የሆነው ግን ከኬሞቴራፒው የተወሰነ ጥቅም አግኝተዋል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ምርመራው የተሠራው «ይህች ሴት ኬሞቴራፒ ያስፈልጋታል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ነው። ካንሰሩ ብዙ የብብት ዕጢዎች ውስጥ ከገባ ሐኪሙ ኬሞቴራፒ ማዘዙ ስለማይቀር ነጥቡ የሚለውጠው ነገር ብዙም አይኖርም።

ስንት ዓመት ይኖራሉ የሚለውስ? ምርመራው ይህን አይመልስም። እንደርስዎ ያለ ዕጢ ካላቸው 100 ሴቶች 10ሩ ላይ ይመለሳል ሊል ይችላል። እናትዎ ከ10ሩ ናቸው ወይስ ከ90ው የሚለውን አያውቅም። በዚያ ላይ ነጥቡ በዋናነት የተፈተነው በነጭ ሴቶች ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ሴቶች ነጥባቸው ከነጮቹ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ እንኳ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ለጨንቻ እናት የሚነገረው ትንበያ ለቺካጎ እናት የሚነገረውን ያህል እርግጠኛ ነው ብዬ አልወራረድም።

አሁን ወደ ጎደለው መስመር። ከ21ዱ ዘረ-መሎች መካከል የኤስትሮጂን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ፣ ሄር ቱ እና ኪ 67 የሚባሉት ይገኙበታል። እነዚህ አራቱ ሲሠሩ የሚያመርቱትን ፕሮቲን በማንኛውም ደህና የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ናሙናውን ቀለም አስይዞ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ከ1000 በላይ ሴቶችን ናሙና መርምሮ፣ አራቱ በጥንቃቄ ሲነበቡ የሚሰጡት ትንበያ ከውዱ ባለ 21 ምርመራ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አግኝቷል። ይህን ሳነብ ትንሽ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። ቤተሰቡ መሬት ሊያስይዝ የተነሣው ከ3000 ዶላር በላይ ለሚያስወጣ ምርመራ ነው፤ የመጀመሪያው ዘረ-መል ግን ገና አልተነበበም።

ያ የመጀመሪያው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ነው። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ሆርሞን ተቀባይ የለውም፣ ስለዚህ የሆርሞን ክኒን አይጠቅማቸውም የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ነበር። ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ የታከሙ የ352 ሴቶች ናሙና ሲመረመር ግን 65 በመቶው የኤስትሮጂን ተቀባይ ያለው ሆኖ ተገኘ። ከሦስት ሴቶች ሁለቱ ማለት ነው። ለእነዚህ ሴቶች ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን አለ። ርካሽና የቆየ ነው፤ በቀን አንዴ ይዋጣል። ተቀባዩ ያላቸው ሴቶች ለ5 ዓመት ሳያቋርጡ ሲወስዱት በቀጣዮቹ 15 ዓመታት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ተቀባዩ ለሌላቸው ግን አይጠቅምም። ስለዚህ ያቺ የጎደለች መስመር የወረቀት ማሟያ አይደለችም።

ክኒኑ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሰውነትን ድንገት ማጋል፣ አልፎ አልፎ የደም መርጋት፣ በጥቂት ሴቶች ላይ የማሕፀን ካንሰር ያስከትላል። እርጉዝ ሴት አትወስደውም። ትልቁ ፈተና ግን አለማቋረጡ ነው። በምዕራብ ወለጋ አይራ ሆስፒታል ታሞክሲፈን ለገጠር ሴቶች መስጠት ሲጀመር፣ ተመራማሪዎች የተከታተሉት ሴቶቹ ክኒኑን ሳያቋርጡ መውሰዳቸውን ነው። ጤነኛ ሆኖ ለሚሰማው ሰው 5 ዓመት ረጅም ነው።

ለእህታችን የመለስኩላት ይህን ነው። መሬቱን አታስይዙ። ናሙናው የተመረመረበት ላቦራቶሪ ሥጋውን በሰም ውስጥ አድርጎ ያስቀምጣል፤ እናንተ «ብሎክ» በሉት፣ ይገባቸዋል። ከወራት፣ ከዓመታትም በኋላ ከዚያው ላይ ስስ ቁራጭ ተወስዶ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሊሠራ ይችላል። እናታችሁ ዳግመኛ አይቆረጡም። የወረቀቱን ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ።

እርስዎም ቤት ይህ ነገር ከገባ ሁለት ነገሮችን ያስታውሱ። በቀጭን መርፌ ተስቦ የሚወሰደው ናሙና ካንሰር መሆን አለመሆኑን ሊናገር ይችላል፤ ለተቀባይ ምርመራ ግን ሥጋው ራሱ በወፍራም መርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ቢወሰድ ይሻላል። ሁለተኛው ጉዞው ነው። ናሙናው በብልቃጥ ተደርጎ ለቤተሰብ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብልቃጡ በአውቶቡስ ዘመድ ጉልበት ላይ ይሄዳል። ሥጋው በተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ቢቆይ ጥሩ ነው። ከዚህ ካለፈ ያለው ተቀባይ የሌለ መስሎ ሊነበብ ይችላል። ፈሳሹ ሸተተ ብለው አይድፉት፣ ውሃም አይጨምሩበት። ቅዳሜና እሑድ ዘመድ ቤት አሳድረው ሰኞ ለማድረስም አያስቡ። የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት ብልቃጡ ላይ ያስጽፉ።

ይህን ጽሑፍ ለማስረከብ ስዘጋጅ ከሴቻ ሌላ መልእክት ደረሰኝ። የሽሮ ሜዳው ወንድም ሥራውን ትቶ ሁለት ቀን ተመላልሶ ብሎኩ ተገኝቷል። ለተቀባይ ምርመራው ከፍሎ ደረሰኙን ተቀብሏል። ውጤቱ ገና አልወጣም።