ሶፋው ከመግባቱ በፊት



ርእሰ መምህር በዓመት መጽሔት ላይ ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሰዓት ማክበር ነው። እኔ ዘንድሮ ስለ ቤት ዕቃ ልጽፍ ነው። ነገሩ ከትምህርት ጋር ምን እንደሚያገናኘው መጨረሻ ላይ ትፈርዳላችሁ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ስለታመሙ ለሁለት ሳምንት ክፍሉን እኔ ይዤው ነበር። ትምህርቱ ስለ መቶኛ ነበር። እንዲህ የሚል የክፍል ሥራ ሰጠኋቸው፦ «ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ አንድ ባዶ ክፍል ተከራይታችኋል። የቅድሚያ ኪራዩ ተከፍሏል። የቀረው ገንዘብ 100 ነው እንበል። ቤቱን አደራጁ።» የምን 100 እንደሆነ ሆን ብዬ አልተናገርኩም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የአንድ ዶላር የባንክ ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ በአንድ ቀን ሲዘል ያየ ሰው በፓውንድ ዋጋ ጽፎ መጽሔት አያሳትምም። ከእጅ ወደ ማተሚያ ቤት እስኪደርስ ያረጃል።

አብዛኞቹ ልጆች ለሶፋ 40፣ ለቴሌቪዥን 30፣ ለምንጣፍና ለመጋረጃ 20 መደቡ። በቀረችው 10 አልጋ ሊገዙ ሞከሩ። ስለ ምድጃ ያስታወሱ ጥቂቶች ናቸው። አንዲት ተማሪ ብቻ በሁለት ጀሪካንና በአንድ መጥረጊያ ጀመረች። ለምን ስላት፣ «ጋሼ፣ እኛ አራት ጊዜ ቤት ቀይረናል። አዲስ ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምንፈልገው ውሃ ነው» አለችኝ። ሙሉ ውጤት ሰጠኋት።

ሌሎቹን ልጆች አልወቅስም። የጻፉት ያዩትን ነው። ልጆቹ የሳሉት ቤት የእኛ የወላጆች ቤት ነው።

በዚህ ሰፈር ቤት የምናደራጅ ሰዎች ሁለት ዓይነት ስሕተት ስንሠራ አያለሁ። የመጀመሪያው ቤትን ለእንግዳ ዓይን ማደራጀት ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ ተማሪ ደብተር ፊደሉ ሁሉ እየተንጋደደ፣ ወረቀቱም አቧራ እየጠገበ ይመጣ ስለነበር ወላጆቹን ልጎበኝ ሄድኩ። ክፍሏ በሶፋ ሞልታለች። ሶፋው ከሱቅ ሲመጣ የለበሰው ላስቲክ ገና አልወለቀም። ልጁ እንዳያቆሽሸው ስለሚባል መሬት ላይ ተንበርክኮ ይጽፋል። የሶፋው ዕዳ አላለቀም ነበርና የዚያን ወር የትምህርት ቤት ክፍያም አልተከፈለም። አባትየው ደግ ሰው ነው፤ ልጁንም ይወዳል። ዕቃ የገዛበት ቅደም ተከተል ብቻ ነው የተሳሳተው።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። «እኛ እዚህ ለጊዜው ነን» ይላል ባለቤቱ። ዘንድሮ አገር ቤት እገባለሁ፣ ለከርሞ ወደ ሌላ አገር እሄዳለሁ እያለ ምንም ሳይገዛ ይኖራል። ልብሱ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። እንዲህ እያሉ አሥር ዓመት የሞላቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ። ልጁ የተወለደው፣ ዳዴ ያለውም፣ ፊደል የቆጠረውም በዚያ «ጊዜያዊ» ቤት ነው። ለወላጅ ጊዜያዊ የሆነው ዓመት ለልጅ ሙሉ ልጅነቱ መሆኑን አንርሳ።

የእኔ አስተያየት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ነገ የምንሄድ ልንሆን እንችላለን፤ ዛሬ የምንኖረው ግን እዚህ ነው። ስለዚህ ቤታችንን መጀመሪያ ለሚተኛበት፣ ለሚበላበትና ለሚያጠናበት ሰው እናደራጅ። ዕቃውም ሲያስፈልግ የሚሸከሙት፣ የሚሸጡት ወይም ለጎረቤት የሚሰጡት ይሁን።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። እኔና ባለቤቴ እዚህ ሐጅ ዩሱፍ የመጀመሪያ ቤታችንን የተከራየነው በ2004 ዓ.ም. ነው። ገና ሰው ሳንተዋወቅ፣ ሰው ሲመጣ እንዳናፍር ብለን አንድ ትልቅ ባለ መስታወት ቡፌ በዱቤ ገዛን። ውስጡ የሚቀመጥ ብርጭቆ እንኳ አልነበረንም። በቀጣዩ ክረምት፣ በ2005 ዓ.ም.፣ በምሥራቅ ናይል የጣለውን ዝናብ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሽማግሌዎቹ የ1980ውን ጎርፍ ያነሱ ነበር። ውሃው ግቢውን ሞልቶ ወደ ክፍላችን ገባ። የቡፌው እግር ቺፕውድ ነበርና እንደ ዳቦ አበጠ፤ በሦስተኛው ቀን ዘመመ። ከሱዳናዊት ጎረቤታችን የተዋስነውን አንገረብ ግን ውሃው ሲጎድል ፀሐይ ላይ አወጣነው፤ ማታ ተኛንበት። የቡፌውን ዕዳ ቡፌው ከተጣለ በኋላ አምስት ወር ከፈልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

አንገረብ ሲባል የጎንደሩ ወንዝ ትዝ የሚላችሁ አትጠፉም። እዚህ ግን በገመድ ወይም በጠፍር የተጠለፈው የእንጨት አልጋ ነው። ከ3500 ዓመት በፊት በሰሜን ሱዳን በከርማ ሰዎችን ከነአልጋቸው ይቀብሩ እንደነበር ቁፋሮው አሳይቷል፤ አልጋዎቹም የዛሬውን አንገረብ ይመስላሉ። የእኛም አያቶች የጠፍር አልጋ ያው ዘመዱ ነው። አየር ያስተላልፋል፤ በሙቀት ጊዜ ሁለት ሰው አንሥቶ ሜዳ ያወጣዋል፤ ገመዱ ሲላላ ይወጠራል፤ ሲበጠስ ይጠለፋል። የገጠሩ ቤታችን መደቡ ከጭቃ ተሠርቶ አጎዛ ይነጠፍበት ነበር። አያቶቻችን ዕቃ የሚመርጡት ለኑሯቸው በሚስማማ መንገድ ነበር።

አሁን ወደ 100ው ልመለስ። ለልጆቹ በመጨረሻ በሰሌዳ ላይ የጻፍኩላቸውን ድልድል ለእናንተም ላካፍል።

ለመኝታ 30። አልጋ ወይም አንገረብ፣ ጥሩ ፍራሽና አጎበር። ከሁሉም በላይ ፍራሽ ላይ አትቆጥቡ፤ አጎበሩንም አትርሱ። ከዝናቡ በኋላ ወባ ስንት ተማሪ ከክፍል እንደሚያስቀርብን የስም መጥሪያው ምስክር ነው።

ለወጥ ቤት 20። የጋዝ አንቡባና ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ጥቂት ሳሕንና ብርጭቆ። ምጣድ በመጀመሪያው ወር ግድ አይደለም። በአንድ ሆሽ ውስጥ ሦስት አራት አባወራ የሚኖር ከሆነ አንድ ምጣድ በተራ ለሁሉም ይበቃል። ብዙዎቻችን የጀመርነው እንዲያ ነው።

ለውሃ 10። ጀሪካን፣ ክዳን ያለው በርሜልና አንድ ዚር። ዚር እንደ እኛ እንስራ ከሸክላ የተሠራ ነው። ውሃው በሸክላው እየሰረገ ሲተን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል፤ መብራት ሄደ ብሎ አይቆምም።

ለመብራትና ለአየር 10። አምፖል፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪና ቬንትሌተር። በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ በመጀመሪያው ዓመት ተዉት። በደረቁ ወራት ግሩም ነው፤ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ግን ይዳከማል። ውሃም ይፈልጋል፤ ቀድሞ የሚከፈለውን መብራትም ይበላል።

ለጠረጴዛና ለወንበር 10። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ለእንግዳ 10። ረከቦት፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ አንድ ምንጣፍና ሦስት በንበር። የሱዳኑ በንበር በገመድ የተጠለፈ አጭር መቀመጫ ነው፤ ስሙም ከእኛ ወንበር ብዙ አይርቅም።

የቀረው 10 አይነካም። ልጅ ሲታመም፣ ጣሪያ ሲያፈስ፣ ባለቤቱ ኪራይ ሲጨምር የሚወጣ ነው።

አንዳንዱን ዕቃ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ሱቅ ሲታ ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ «ዲላላ» የሚሉትን ያገለገለ ዕቃ ገበያ እዩ፤ ቃሉ ከእኛ «ደላላ» ጋር ወንድማማች ነው። የእንጨትና የብረት ነገር፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር ከዚያ ግዙ። ፍራሽና የጋዝ ጎማ ግን አዲስ ይሁን፤ አንዱ ተባይ፣ ሌላው እሳት ያመጣል። ማቀዝቀዣና ቬንትሌተር እዚያው በመብራት ሰክታችሁ ሳታስሞክሩ ብር አትቁጠሩ። የካሮውን ኪራይም ከዋጋው ጋር ደምሩ፤ ርካሽ አልጋ ከሩቅ ገበያ ሲመጣ ውድ ይሆናል።

ይህን ስናገር ሁለት መቃወሚያ ይቀርብልኛል። ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

አንደኛው የገንዘብ ነው። «ፓውንድ በየቀኑ ሲወድቅ ገንዘብ ይዞ ከመቀመጥ ዕቃ መግዛት ይሻላል» ይላሉ አባቶች። እውነት አላቸው፤ በዚህ ከተማ በብር ያስቀመጠ ሰው አልቅሷል። ግን የትኛው ዕቃ? የጋዝ አንቡባ፣ ደህና ፍሪጅ፣ ጠንካራ አልጋ ነገ ገበያ ቢወጡ ገዢ አያጡም። የጨርቅ ሶፋ ግን ሁለት ሀቡብና አንድ ክረምት ካየ በኋላ ማን ይገዛዋል? ዕቃን እንደ ቁጠባ የምናይ ከሆነ ነገ የሚሸጠውን እንግዛ። ደግሞም በእጅ ባለ ገንዘብ መግዛትና በዱቤ መግዛት አንድ አይደሉም። ወር በወር ከሚከፈል ዱቤ ይልቅ ከታማኝ ጎረቤቶች ጋር የተገባ እቁብ ይሻላል። የእቁብ ዕጣ ሲወጣ በጥሬ ገንዘብ ትገዛላችሁ፤ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ደግሞ ይከራከራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሁለተኛው መቃወሚያ የክብር ነው። አንዲት እናት በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተው እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እኔ ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት የሰው ሶፋ ሳጸዳ እውላለሁ። የራሴ ሶፋ ላይ መቀመጥ አማረኝ። ይህም ጥፋት ነው?» አዳራሹ ዝም አለ። እኔም ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ጥፋት አይደለም። በሰው አገር ዝቅ ብሎ የሚሠራ ሰው በገዛ ቤቱ ቀና ብሎ ልቀመጥ ቢል ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ቤት ከፀሐይና ከዝናብ መከለያ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሰውነቱን የሚያስታውስበትም ነው። በዚህ ምክንያት ነው ቡናውን ከመጀመሪያው ድልድል ውስጥ ያስገባሁት። አንድ ረከቦትና ዕጣን ያለበት ባዶ ክፍል ቤት ሆኖ አይቻለሁ። ለእኚያ እናት የምላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሶፋው ይግባ፤ ግን ከልጅዎ ጠረጴዛ በኋላ ይግባ። ሲገባም ላስቲኩ ይውለቅና ልጁም ይቀመጥበት።

ጠረጴዛው ለምን እንዲህ አንገበገበኝ? ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ። የቤት ሥራ የማይሠራ ልጅ ሁሉ ሰነፍ መስሎኝ ያለፍኩባቸው ዓመታት አሉ፤ ዛሬ ይጸጽተኛል። ቤታቸውን ማየት ስጀምር ብዙዎቹ የሚጽፉበት ቦታ እንደሌላቸው ገባኝ። ጉልበቱ ላይ የሚጽፍ ልጅ ቶሎ ይደክመዋል፤ ደብተሩን ወጥ የሚነካው ልጅ ደብተሩን ማሳየት ያፍራል። ጠረጴዛ ለልጁ «ይህ የአንተ ቦታ ነው፤ እዚህ የምትሠራው ሥራ ቁም ነገር ነው» ይለዋል። ቤቱ ሲቀየርም ጠረጴዛው በካሮ ተጭኖ አብሮት ይሄዳል። አራት ጊዜ ቤት ለቀየረች ልጅ የማይቀየር አንድ ነገር መኖሩ ቀላል አይደለም።

ምክር ብቻ ሰጥቼ እንዳልሄድ፣ ግቢያችን ጥግ ላይ እግራቸው የተሰበረ የቆዩ ዴስኮች ተከምረዋል። በዕረፍቱ ወራት አናጢ አስገብተን ከሦስቱ አንድ ጤነኛ ጠረጴዛ እናወጣለን። ቤቱ ጠረጴዛ የሌለው ተማሪ ወላጅ ቢሮዬ መጥቶ ያመልክት፤ የሚከፍለው የአናጢውን ዋጋ ብቻ ነው። የማይችል ካለ ለእኔ ለብቻዬ ይንገረኝ።

ለእናንተ ለተመራቂዎቹ፦ አንድ ቀን፣ እዚህም ይሁን አገር ቤት ወይም ሌላ አገር፣ የመጀመሪያ ቤታችሁን በር ትከፍታላችሁ። ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ ድምፃችሁም ያስተጋባል። አትፈሩት፤ በአንድ ቀንም ልትሞሉት አትቸኩሉ። የጓደኛችሁን ቤት አይታችሁ በዱቤ አትሩጡ። ውሃ ቅዱ፤ ጥረጉ፤ ፍራሽ አንጥፉ። ከዚያ ቡና አፍሉና ጎረቤታችሁን ጥሩ። የቀረው ይደርሳል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ለሁላችሁም እመኛለሁ።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ሐጅ ዩሱፍ፣ ካርቱም
2014 ዓ.ም.